የውሃው ሽታ መነሻው የራሳችን ታንከር ነበር
ደሴ፣ ሆጤ ነው የምንኖረው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ታንከር ሞልተን እንጠቀማለን። በቅርቡ ውሃው መሽተት ጀመረ፤ ትንሿ ልጄንም ሆዷን ደጋግሞ አመማት። እኔ ችግሩ ከመስመሩ ነው ብዬ ነበር።

ላብራቶሪ የሚሠራ ጎረቤታችን የክሎሪን መለኪያ አዋሰኝ። ከቆጣሪው አጠገብ በቀዳሁት ውሃ ላይ ከመለኪያው ጋር የመጣችውን ኪኒን ስጨምር ሮዝ ሆነ፤ 0.4 ሚሊግራም በሊትር። የታንከሩ ግን ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ዜሮ! የዓለም ጤና ድርጅት ቤት ሲደርስ ቢያንስ 0.2 እንዲኖር ይመክራል።

ክዳኑን ሳነሳ ደነገጥኩ። ተሰንጥቋል፤ ከሥር ጣት የሚውጥ ጭቃ ተኝቷል። ለካ ክሎሪኑን የሚበላው እሱ ነው።

ባዶ አድርጌ በብሩሽ ፈተግኩት። ከዚያ 1000 ሊትር ሞልቼ 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨመርኩ። መዓዛ የተጨመረበትን በረኪና ግን እንዳትጠቀሙ። ቧንቧዎቹን ሁሉ የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ ከፍቼ ዘጋሁ። 24 ሰዓት ማንም አልነካውም። ከዚያ ደፍቼ፣ አለቅልቄ፣ አዲስ ክዳን ገጠምኩለት።

አሁን ከታንከሩም 0.3 ያሳያል። ጃርዲያ የሚባለውን የሆድ ጥገኛ ተውሳክ ግን ክሎሪን በቀላሉ አይገድለውም። ስለዚህ ልጄ የምትጠጣውን አሁንም አፈላለሁ።