የተቀደደ የቮልስ ዳሽቦርድ አተካክ

በአገራችን ጎዳናዎች ዛሬም በሚታዩት የድሮ ቮልሶች ላይ፣ ትልቅ ቴፕ ለማስገባት ሲባል መካከሉ በመጋዝ የተቀደደ ዳሽቦርድ ደጋግሞ ያጋጥማል። ይህ ዳሽቦርድ በብሎን የሚፈታ ሳይሆን ከቦዲው ጋር የተበየደ ላሜራ ነው፤ ሁለቱን የፊት ምሰሶዎችም ስለሚያስተሳስር፣ ሙሉውን ከመንቀል ይልቅ የተበላሸውን ገጽ ብቻ ቆርጦ ከሌላ ቮልስ በተወሰደ ገጽ መተካትን አጥብቄ እመክራለሁ።

ተተኪውን ከመግዛትዎ በፊት ሞዴሉን ያረጋግጡ። ከእ.ኤ.አ. 1958 ሞዴል ጀምሮ የመጣው ዳሽቦርድ ከቀደመው የተለየ ነው፤ 1303 የተባለው የቮልስ ሞዴል ዳሽቦርድ ደግሞ ፕላስቲክና ለጎባጣ መስታወት የተሠራ በመሆኑ ለሌሎቹ አይሆንም። ቅርጹ አንድ ቢሆንም እንኳ የማብሪያዎቹ ቀዳዳዎች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ዋናው የማሻሻያ ሥራም እዚህ ላይ ነው።

ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪ ይፈታ፤ የቤንዚን ሳልባትዮው የሚገኘው ከዳሽቦርዱ ወዲያ፣ በፊተኛው ኮፈን ሥር በመሆኑ ወጥቶ ከጋራዡ ይራቅ፤ ቱቦውም ይደፈን። ይህን አልፎ ብልጭታ ማስነሣት በሕይወት መቀለድ ነው።

ከአሮጌው ገጽ ላይ የሁሉንም ቀዳዳዎች ቦታ በካርቶን ይገልብጡና ካርቶኑን በተተኪው ላይ ያሳርፉ። ትርፍ ቀዳዳዎችን በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ ይዝጉ፤ የጎደሉትን ግን ከልካቸው ጠበብ አድርገው ከፍተው በግማሽ ክብ ሞረድ ቀስ በቀስ ያስፉ፤ ምክንያቱም የሰፋ ቀዳዳ በጌጁ (በፍጥነት መለኪያው) ቀለበት አይሸፈንም። ተተኪውን በየጎኑ ጥቂት ሴንቲሜትር አስተርፈው ይቁረጡ፤ በአሮጌው ላይ ደርበው ጠርዙን በሹል ብረት ከጫሩ በኋላ ሁለቱ አፍ ለአፍ እስኪገጥሙ ድረስ ይከርክሙ። የመቁረጫው መስመር ከመስታወቱ ጎሚኒ መቀመጫ ይራቅ።

ላሜራው ቀጭን ስለሆነ ያልተቋረጠ ብየዳ ያጣምመዋል። በነጠብጣብ ብቻ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እያፈራረቁና እያቀዘቀዙ ይበይዱ፤ ከዚያ በግራይንደር አስተካክለው እጅግ ስስ ስቱኮ ይቀቡ። አንቲሩጂን (የዝገት መከላከያ ቀለም) ከመነካቱ በፊት ጌጁ፣ ማብሪያዎቹና የኪስ መዝጊያው ሁሉ ተገጥመው ይሞከሩ፤ ከቀለም በኋላ ሞረድ ማንሣት ሥራውን ሁሉ ያበላሸዋል።

አዲስ ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ፣ ቀድሞ በብረቱ በኩል ኔጋቲቭ ያገኙ የነበሩ አምፖሎች ላይበሩ ይችላሉ። ስለዚህ ከቦዲው የተነሣ ቡናማ ሽቦ ወደ ጌጁ ይሳቡ፤ በእነዚህ መኪኖች ቡናማ የኔጋቲቭ ቀለም ነው። ማብሪያዎቹ ላይ የተጻፈው 30 ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ 15 በቁልፍ የሚከፈት፣ 58 ደግሞ የመብራት መስመር ነው። አምፖሎቹ ከመኪናው ቮልቴጅ፣ ከ6 ወይም ከ12፣ ጋር መስማማታቸውን ይዩ።

በመጨረሻ ከግራ የፊት እግር የሚመጣው የጌጁ ገመድ ሳይታጠፍ መድረሱን ይመልከቱ፤ በጠባብ ቅስት የተጠመዘዘ ገመድ መርፌውን ያንቀጠቅጣል፣ ቶሎም ይበጠሳል።