ተዋጊ ካራክተር ለመሳል ከምቱ ጀምሩ

የራሳችሁን ፋይት ጌም ለመሥራት ያሰባችሁ የድሬና የሐረር ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። መልኩን ከመሳላችሁ በፊት እንዴት እንደሚማታ ወስኑ። ከሩቅ ነው ከቅርብ? በእጅ ነው በእግር? ሥዕሉ ይህን ካልተናገረ ተወዳዳሪውም አይመርጠው፣ ለማየት የመጣውም አይወደው።

በ1991 የወጣውን ስትሪት ፋይተር 2 እዩ። ግዙፉን ታጋይ ዛንጊፍን ያየ ሰው ጆይስቲክ ነክቶ ባያውቅ እንኳ «እጁ ከገባሁ አለቀልኝ» ይላል። የሌላዋ ተዋጊ የቹን ሊ ጉልበት እግሯ ላይ ነው፣ ጭኗም ወፍራም የሆነው ለዚሁ ነው። ፀጉሯ ሁለት ቦታ ስለተጠቀለለ ጥላዋን ብቻ አይታችሁ ትለዩዋታላችሁ። አቦ፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ እኮ ያገቡ ሴቶች ፀጉራቸውን ከጆሮ ኋላ ለሁለት ጠቅልለው ጉፍታ በሚባል የፀጉር መሸፈኛ ይሸፍኑታል! እንዲህ ያለ ቅርጽ በእጃችን እያለ ከሌላ የምንቀዳበት ምክንያት አይታየኝም። የሳላችሁትን ሙሉ በሙሉ አጥቁሩትና በስልክ ላይ አሳንሳችሁ እዩት። ማን እንደሆነ ካልታወቀ ገና ነው።

ሐረርን የሚወክል ተዋጊ ሲባል ሁሉም ወደ ጅብ ይሮጣል። አልቃወምም። ግን ጅቡን ልብሱ ላይ ለጥፎ መተው ስንፍና ነው። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበላውን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። ሥጋውን አጭር እንጨት ጫፍ ላይ ያንጠለጥላል፣ ይዘረጋዋል፣ ጅቡም ከጨለማ ወጥቶ ይነጥቃል። አንዳንዴ እንጨቱን በጥርሱ ይይዘዋል፣ ያኔ የጅቡ አፍ ፊቱ ድረስ ይመጣል። አጨዋወቱ እዚሁ አለላችሁ፦ እንጨቱ በእጅ ሲዘረጋ ጅቡ ራቅ ብሎ ይመታል፣ በጥርስ ሲያዝ ደግሞ ሁለቱም እጆች ለቡጢ ነፃ ይሆናሉ፣ ርቀቱ ግን ያጥራል። ተጋጣሚው እንጨቱን አይቶ አደጋው የት እንደሚያርፍ ይገባዋል፣ የሚያየውም ሰው እንዲሁ።

ልብስ ላይ ተጠንቀቁ። አብዛኞቹ ፋይት ጌሞች በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ተከታታይ ሥዕል፣ ይሄዳሉ። በ4 ፍሬም የሚወጣ ቡጢን አይቶ የሚመክት ሰው የለም። 25 ፍሬም የሚፈጅ ከባድ ምት ግን ከመውጣቱ በፊት ትከሻውና እግሩ ሲነሳ በደንብ መታየት አለበት፤ ሽርጥ ካለበሳችሁት ጨርቁ ይህንን እንዳይሸፍን ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት።

ጀማሪውንም አትርሱ። ተከን 3 በሚባለው ፋይት ጌም ላይ ኤዲ ጎርዶ የተባለው ካራክተር የተወደደው የእርግጫ ቁልፎቹን ዝም ብሎ የሚቀጠቅጥ ሰው እንኳ የሚያምር ካፖይራ (ጭፈራ የሚመስል የብራዚል ፍልሚያ) ስለሚያወጣ ነው። ነባሮቹ ደግሞ በዚሁ ተናደዱበት። በ2023 የወጣው ስትሪት ፋይተር 6 የተሻለ መላ አመጣ፦ በሞደርን አያያዝ ልዩ ምት በአንድ ቁልፍ ይወጣል፣ ጉዳቱ ግን በ20 በመቶ ይቀንሳል። እናንተም ቀላሉን መንገድ ስጡ፣ ዋጋ ግን አስከፍሉበት።

ከዚያ ሥዕሉን ይዛችሁ ድሬ ውስጥ ሳቢያን ወይም ከዚራ ካለ ጌም ቤት ግቡ። ስሙንም ታሪኩንም ሳትናገሩ «ይሄ እንዴት የሚማታ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጌም የማይነካ ሰውም ጠይቁ፣ እህታችሁን ወይም የሰፈር ባለሱቁን። መልሱ ካልገጠመ አቋሙን እንደገና ሳሉት። ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ሁለት ተጫዋቾች አንድ ካራክተር ሲመርጡ የሚለዩት በቀለም ስለሆነ፣ በቀለሙ ብቻ የሚታወቅ ካራክተር ያኔ ማንነቱ ይጠፋል።