የዱባ ኬካችሁ ለምን መሃሉ ይሰምጣል? ችግርና መፍትሄ ከጅማ

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ቀነስ ሲል ጅማ ውስጥ ዱባ ያልተንጠላጠለበት አጥር ማግኘት ይከብዳል። ቡናው መቅላት ሲጀምር ዱባውም ይደርሳል። ለቡና ቁርስ በማር ኬክ ብንሰራውስ የሚለው ሐሳብ የሚመጣውም ያኔ ነው።

መጀመሪያ የሰራሁት ቀን ጎረቤቶቼን ቡና ጠርቼ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው ኬኩ መሃሉ ገብቶ ጎድጓዳ ሰሃን መስሏል። አንዷ አየት አድርጋ «ወጥ ልትጨምሪበት ነው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያበላሸሁትን ሁሉ እነሆ።

ልኬ ይሄ ነው፦ 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ የተደፈጠጠ ዱባ፣ ¾ ኩባያ ማር፣ ½ ኩባያ ዘይት፣ 3 እንቁላል፣ 1½ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው ቆንጠር፣ ኮረሪማ።

ኩፍ ብሎ መሃሉ ሰመጠ

እጃችሁን አትውቀሱ። ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው አብዛኛው አሰራር የተለካው ለቆላ፣ ለባህር ጠለል አካባቢ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው አረፋ ቶሎ ይነፋል። ሊጡ ገና ሳይጠና ኩፍ ይላል፤ ከዚያ የሚይዘው ሲያጣ ቁጭ።

ስለዚህ አሰራሩ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ካለ 1½ ይበቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄትም ጨምሩ። ሌላው ጥፋተኛ የክዳን ሱስ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ክዳኑን አትንኩ፣ በአፍንጫችሁ ተከታተሉት።

ላዩ በስሏል፣ ሲቆረጥ ግን ገንፎ ነው

በጣም ያስቸገረኝ ይሄ ነው። ስቴኪኒ ጠርዙ ላይ ብትወጉ ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ቢላዋ መሃሉ ሲገባ ግን እርጥብ ነው፣ ይጎተታል። ሰው ሁሉ «እሳት አንሶት ነው» ይላችኋል። እኔም አምኜ አንድ ሰዓት ተኩል ጣድኩት። ጠርዙ ድንጋይ ሆነ፣ መሃሉ ያው።

ጥፋቱ የዱባው ውሃ ነው። ዱባ ራሱ አብዛኛው ውሃ ነው፤ እኛ ደግሞ በውሃ እንቀቅለዋለን። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለመብሰል ይዘገያል። በዘገየ ቁጥር ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ይጠጣል።

አትቀቅሉት። ከነልጣጩ ቆራርጣችሁ በእንፋሎት አብስሉት፣ ወይም ምጣድ ላይ ከድናችሁ። ሲለሰልስ ልጣጩን አንሱና ደፍጥጡ። ከዚያ ምንም ሳትጨምሩ በባዶ ድስት መለስተኛ እሳት ላይ አማስሉት። መጀመሪያ ቱስ ቱስ እያለ ይፈናጠራል፣ እጃችሁን ጠብቁ። ቀስ በቀስ ድምፁ ይጠፋል፣ ቀለሙ ይደምቃል። ማማሰያውን መሃሉ ላይ ስትጎትቱት የድስቱ ታች ታይቶ መንገዱ ቶሎ ካልተዘጋ ደርሷል። ሦስት ኩባያ የነበረው ሁለት ቢሆን አትደንግጡ፣ የሄደው ውሃ ነው። ሳይቀዘቅዝ ከእንቁላሉ ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ እንቁላል ፍርፍር ይሆናል።

ስትገዙም ምረጡ። የደረሰ ዱባ እንጨት የመሰለ ደረቅ እንብርት (ከሐረጉ የተቆረጠበት ጫፍ) አለው፣ ልጣጩም ጥፍር አያስገባም። (ሻጮቹ ጥፍራችሁን ካዩ ይቆጣሉ፤ እንብርቱን ማየት ሰላም ነው።) ተቆርጦ የሚሸጥ ካገኛችሁ ሥጋው ወፍራምና ደማቅ የሆነውን ውሰዱ።

ታቹ አረረ፣ ላዩ ነጭ ሆኖ ቀረ

መብራት የሚጠፋው ሊጡ ሲቦካካ ነው መሰለኝ። ያኔ ከሰል ነው ያለው። እናቶቻችን ድፎ ዳቦን ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም። ትልቅ ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አሸዋ አንጥፉ፣ የኬኩን ዕቃ እሱ ላይ አስቀምጡ። ከፍሙ አንድ ሦስተኛውን ታች፣ የቀረውን ጠፍጣፋ የብረት ክዳን ላይ አድርጉ። ይሄ የበረንዳ ሥራ ነው፣ ከሰል በተዘጋ ቤት አታቀጣጥሉ።

ቶሎ ጠቆረ

ማር ከስኳር ቀድሞ ይጠቁራል። ስኳርን በማር ስትተኩ ለ1 ኩባያ ስኳር ¾ ኩባያ ማር አድርጉ፣ ሌላውን ፈሳሽ ትንሽ ቀንሱ፣ እሳቱንም አብርዱ። ከጅማ ዞኗ ጌራ የሚመጣው ነጭ የገተም ማር (ንቦች ከገተም ዛፍ አበባ የሚሰሩት) ረግቶ ካገኛችሁት ስኳር ተቀላቅሎበታል ብላችሁ አትጣሉት። ጠባዩ ነው። ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ይፈታል።

መረረ

ኮረሪማ በዝቶ ከሆነ ቀላል ነው። ለዚህ ልክ ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ ያውም ፍሬውን ፈልፍላችሁ በዚያው ሰዓት የወቀጣችሁት። የሚመርረው ዱባው ራሱ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ዱባ ይገጥማል። መራራው መርዝ ነው፣ ሆድ ያበላሻል፣ ቢበስልም አይጠፋም። ከመጀመራችሁ በፊት ከጥሬው ቅንጣት በምላሳችሁ ጫፍ ቅመሱ። ከመረረ ትፉት፣ ዱባውንም ጣሉት። ለከብትም አትስጡ።

ከዕቃው አልወጣ አለ

በትኩሱ ስለገለበጣችሁት ነው። ሩብ ሰዓት አሳርፉት። እኔ አሁን ቅቤና ዱቄት መቀባቱንም ትቼዋለሁ። ከጓሮ ኮባ ቆርጬ እሳት ላይ ለብ አድርጌ አለሰልሰዋለሁ፣ ዕቃው ውስጥ አነጥፈዋለሁ። ኬኩ ከነቅጠሉ ብድግ ይላል፣ ታቹም የድፎ ዳቦ ሽታ ይዞ ይወጣል። ያቺ «ወጥ ልትጨምሪበት ነው?» ያለችኝ ጎረቤቴ አሁን ኮባውን ከራሷ ጓሮ ቆርጣ ነው የምትመጣው።