ነጭ ቬሎ፣ ጠይም ፊት፦ በካምኮርደር ብርሃንን በእጅ መቆጣጠር

ካሜራው አውቶ ላይ ከሆነ ሙሽሪት ወደ አዳራሹ ስትገባ ፊቷ ይጠቁራል። ካሜራው ሙሽራ የሚባል ነገር አያውቅማ፤ ያየውን ሁሉ አማካይ ወስዶ ወደ ግራጫ ማምጣት ብቻ ነው ሥራው። ቬሎው ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን የበዛ ይመስለውና አይሪሱን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ይዘጋል። ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሚዜ ከፊት ሲያልፍ ደግሞ መልሶ ይከፍታል። እንዲህ አንዴ ሲጨልም አንዴ ሲበራ የተቀረጸ ምስል ኤዲቲንግ ላይ ብዙ ያስለቅሳል።

ስለዚህ ማንዋል ላይ አድርጉትና መጀመሪያ ሻተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ ቆልፉ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ስለሆነ በሰከንድ በ25 ፍሬም የሚቀርጽ ሰው ሻተሩን 1/50 ሰከንድ ላይ ያደርጋል። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ግን ብዙ ጊዜ 30 ወይም 60 ፍሬም ብቻ ነው ያለው፤ ሻተሩም 1/60 ላይ ሆኖ ይመጣል። በዚያው ከቀረጻችሁ የፍሎረሰንት አምፖሉ ብርሃን ምስሉ ላይ ይርገበገባል። በ30 ፍሬም 1/50፣ በ60 ፍሬም 1/100 አድርጉ። አሜሪካ ወይም ሳዑዲ የምትሠሩ ከሆነ መብራቱ 60 ኸርዝ ነውና 1/60 ትክክል ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ከዚህም በኋላ ሊያስቸግር ስለሚችል፣ እንግዳ ሳይገባ ነጭ ግድግዳ 10 ሰከንድ ቀርጻችሁ የሚሄድ መስመር መኖሩን እዩ።

ጌይን (ካሜራው ምስሉን በኤሌክትሮኒክስ የሚያደምቅበት) 0 ዲቢ ላይ ይሁን። እያንዳንዱ 6 ዲቢ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል። ሴንሰሩ ትንሽ በሆነ ካሜራ 18 ዲቢ ላይ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ እንደ ጉንዳን መንጋ ይርመሰመሳል፤ ከዚያ በፊት መብራት መጨመር ይሻላል።

አሁን አይሪስ። ካሜራው ላይ ዚብራ (ብርሃኑ ከመረጣችሁት መጠን ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ሰረዝ የሚያሳይ) ካለ 60 በመቶ ላይ አድርጉት። ብዙ መመሪያ 70 ይላል፤ ያ ለነጭ ቆዳ የወጣ ልማድ ነው፤ ጠይም ፊት 70 ላይ ሲደርስ ወዙ ይጠፋል። ፊቷ ላይ ዙም አድርጉና ሰረዞቹ ግንባሯን እስኪሸፍኑ አይሪሱን ክፈቱ። ከዚያ የግንባሯና የአፍንጫዋ ወዝ ላይ ብቻ እስኪቀሩ መልሳችሁ ዝጉ። ቀጥሎ ዚብራውን 100 ላይ አድርጋችሁ ልብሱን እዩ። የፈርጡ ብልጭታ ላይ ሰረዝ ቢወጣ ግድ የለም፤ የቬሎው ዳንቴል ወይም የሐበሻ ቀሚሱ ነጩ ሸማ ላይ ከወጣ ግን ግማሽ ስቶፕ ዝጉ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም እጥፍ ማድረግ ነው)። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ጨርቅ በኋላ አይመለስም፤ ትንሽ የጠቆረ ፊት ግን ይነሳል።

ዙም ራሱ ወጥመድ አለበት። ሰፊው ላይ ኤፍ 1.8 (የኤፍ ቁጥር ሲያድግ አይሪሱ ይጠባል) የሚከፈት ሌንስ ጫፍ ላይ ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ዙም እያደረጋችሁ ስትሄዱ ምስሉ የሚጨልመው ለዚህ ነው። ዙሙን ጫፍ ወስዳችሁ የሚያሳየውን ትንሹን ቁጥር ያዙ፤ ከእሱ በታች አትክፈቱ።

ለፎቶ ፕሮግራም መናፈሻ ስትወጡ ሻተሩን ከማሳጠር ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) አስገቡ። 1/4 ሁለት ስቶፕ፣ 1/16 አራት፣ 1/64 ስድስት ስቶፕ ይቀንሳል። ዓላማው አይሪሱን ኤፍ 4 እና ኤፍ 5.6 መካከል ማቆየት ነው። ከኤፍ 11 በላይ ሲዘጋ የካምኮርደር ምስል ጥራቱ ይወርዳል፤ ትንሽ ሴንሰር ላይ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ነው የሚጀምረው። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ጨለማ ስለሚመስል ዓይናችሁን ሳይሆን ዚብራውን እመኑ። ተመልሳችሁ አዳራሽ ስትገቡ ምስሉ ከጨለመ ጌይን ከመንካታችሁ በፊት ኤንዲው መውጣቱን አረጋግጡ። በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው።

ከመኪና ወርዳ እስክትገባ ባለው ሩጫ ማስተካከያ ጊዜ የለም። የፑሽ አውቶ ቁልፍ ካለ ፊቷ ፍሬሙን ሲሞላ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ያገኘው ላይ ቆልፎ ይቆያል። ማንዋል የሌለው ትንሽ ካምኮርደር ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ነክታችሁ ብርሃኑን የምታስተካክሉበትን የስፖት ምርጫ ሜኑው ውስጥ ፈልጉ።