ሳይረኑ ይጮሃል፣ ባትሪውስ?

በአላርም ሥራ ላይ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የከፋው መብራት እያለ ሳይረኑን አስጩኾ «ይሠራል» ብሎ መሄድ ነው። ውጭ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የሳይረን ሳጥን ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለ። ሥራው አንድ ነው። ሌባ ሽቦውን ቢቆርጥ ሳጥኑ በራሱ ኃይል ይጮሃል። ሽቦው ደህና ሆኖ ኃይል ከፓኔሉ (ቤት ውስጥ ካለው የአላርሙ መቆጣጠሪያ ሳጥን) እየመጣ ከሆነ ግን የምንሰማው ጩኸት ስለዚያ ባትሪ ምንም አይነግረንም። ከሞተ ዓመት አልፎት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለጎረቤትና ለዘበኛው አስቀድመው ይንገሩና ከፓኔሉ ወደ ሳይረኑ የሚሄደውን የኃይል ሽቦ ይንቀሉ። ወዲያው መጮህ አለበት። ደቂቃ ሳይሞላ ድምፁ ከሰለለ ባትሪው አልቆለታል።

በቴስተር ብቻ ለክቶ መተማመንም ያታልላል። ያረጀ ባትሪ ሥራ ሳይኖረው 12.5 ቮልት ያሳይና ሳይረኑ ሲነሳ ወደ 9 ሊወርድ ይችላል። የሚለካው ሳይረኑ እየጮኸ ነው።

ቀጥሎ ያለው ስህተት ገበያ ላይ የተገኘውን ባትሪ መግጠም ነው። አንዳንዱ ሳጥን 12 ቮልት ሊድ አሲድ (እርሳስና አሲድ ያለው ባትሪ) ይወስዳል። ሌላው 7.2 ቮልት የኒኬል ባትሪ ነው የሚፈልገው፤ ባለ 1.2 ቮልት 6 ሴሎች ተያይዘው ማለት ነው። አሞላላቸው ይለያያል። ሊድ አሲድ 13.5 እስከ 13.8 ቮልት እየተሰጠው ይቆያል፤ ኒኬሉ በትንሽ ከረንት ቀስ ብሎ ይሞላል። ለእነዚህ በተሠራ ቻርጀር ላይ ሊትየም መግጠም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ መደርደርም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ቻርጅ እንዲደረግ አልተሠራም። አሮጌው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ያንኑ መግዛት ነው።

የባትሪውን ቀይ ሽቦ ከጥቁሩ አለማምታታት የታወቀ ነው፤ ግን መሰላል ላይ ሆኖ፣ ሲመሽ፣ ሰው ይሳሳታል። ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል።

ቀጭን ሽቦ በረጅም ርቀት መጎተት ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም። የተለመደው የአላርም ሽቦ 0.22 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ሳይረኑ 30 ሜትር ርቆ ከተሰቀለ ደርሶ መልሱ 60 ሜትር ይሆናል፤ ወደ 5 ኦም ገደማ። ሳይረኑ 400 ሚሊአምፕ ሲወስድ 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ትርፍ ሽቦዎች ካሉ ለኃይሉ ደርበው ይጠቀሙ፣ ከሌሉ ወፍራም ይግዙ። ውጭ ላይ ጠምዝዞ በናስትሮ የታሰረ መገጣጠሚያ ደግሞ ክረምት ሲገባ ይዝጋል።

ሳጥኑ ሲከፈት እንዲጮህ ተደርጎ ስለሚሠራ ዝም ብሎ መክፈት ሰው ይጎዳል። ከ100 ዴሲቤል በላይ ጆሮ ስር ሲፈነዳ የሚደነግጥ ሰው ከመሰላል ይወድቃል። መጀመሪያ ፓኔሉን ወደ ቴክኒሻን ሞድ (ለጥገና ሲባል አላርሙ እንዳይነሳ የሚደረግበት ሁኔታ) ያስገቡ፣ ጆሮዎን ይሸፍኑ፣ ከዚያ በካቻቪቴ ይክፈቱ። ፓኔሉን ከማጥፋትዎ በፊት የሳይረኑን ባትሪ ይንቀሉ፤ አለበለዚያ ሽቦው የተቆረጠ መስሎት ይጮሃል።

መብራት መጥፋት በሚደጋገምበት ሰፈር የፓኔሉ 7 አምፒር አወር ባትሪም ይጎዳል። ሊድ አሲድ ከ10.5 ቮልት በታች ወርዶ ከቆየ እንደ ድሮው አይሞላም። በደህና ጊዜ 3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ፀሐይ ቀን ሙሉ የሚመታው ግድግዳ ላይ ያለው ቀድሞ ይሞታል። የተገጠመበትን ቀን በማርከር ጀርባው ላይ ይጻፉ። ካበጠ ግን ቀኑን አይቁጠሩ፣ ያውጡት። የወጣውንም ሳይሰበር፣ ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡና ባትሪ ለሚሰበስብ ይስጡ፤ ውስጡ ያለው እርሳስ መርዝ ነው።