ለጠባብ ሳሎን ስፒከር ስትገዙ

ፒያሳ ወጥታችሁ ስፒከር ከማየታችሁ በፊት ሳሎናችሁን በሜትር ለኩ። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ወገብ የሚደርስ ስፒከር ምን ያደርጋል? ክቡ የቤዝ ድምፅ ማውጫው 4 ወይም 5 ኢንች የሆነ ጥንድ በቂ ነው። ትልቁ ቤዝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያጓራል፣ ግድግዳ አልፎም ጎረቤት ያስነሳል።

ካርቶኑ ላይ ባለው ዋት አትሸወዱ። 1000 ዋት ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ሳያቋርጥ የሚሰጠውን፣ አርኤምኤስ የሚባለውን ቁጥር ነው። 20 ወይም 30 ይበቃል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፣ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ነው።

ባለሱቁ የመረጠውን ዱም ዱም ብቻ ሰምታችሁ እንዳትከፍሉ። ከስልካችሁ የምታውቁትን አስከፍቱ። እኔ በገና አስከፍታለሁ፤ ወፍራሙ ድምፅና የክሩ ዝዝታ ተለያይተው ካልተሰሙኝ ቻው ብዬ እወጣለሁ። ድምፁን ቀንሳችሁም ስሙት፣ ማታ ልጆች ተኝተው የምትሰሙት እንደዚያ ነዋ።

ቤት ስትገቡ ማዕዘን ውስጥ አትወትፉት፣ ቤዙ ያብጣል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። ትዊተሯ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ፣ ስትቀመጡ ከጆሯችሁ ትይዩ ትሁን፣ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትም ከእነሱ እስከ ሶፋው ካለው ጋር ይቀራረብ። ወለሉ ባዶ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ካለዚያ ድምፁ ያስተጋባል። ለቲቪ ከሆነ ደግሞ ብሉቱዙን ተዉትና በገመድ አገናኙ፤ ብሉቱዝ ስለሚዘገይ የተዋናዩ አፍና ድምፁ አይገጥምም። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመለስ ኃይሉ አይታመንም።