ቀራጺ የነደፈውን የወርቅ ጌጥ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይመረምሩታል?

ፒያሳ ወርቅ ቤት ስንገባ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው «ግራሙ ስንት ነው?» የሚለው ነው። እንደ ፒካሶ ወይም ማክስ ኤርንስት ያሉ ታዋቂ ሠዓሊና ቀራጺዎች የነደፉት ጌጥ ግን ከወርቁ ዋጋ ብዙ እጥፍ ስለሚያወጣ፣ ማን ነደፈው፣ ማንስ ሠራው የሚለው ይቀድማል። ፒካሶ የወርቅ ሜዳሊያዎቹን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያሠራው ፈረንሳዊው አንጥረኛ ፍራንስዋ ሁጎ ዘንድ ነው። ጣሊያን፣ ሚላን ላይ ደግሞ አንጥረኛው ጃንካርሎ ሞንቴቤሎ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ለአሜሪካዊው አርቲስት ማን ሬይ እና ለሌሎች አርቲስቶች ሠርቷል። አሜሪካዊው ቀራጺ አሌክሳንደር ካልደር ጌጦቹን በገዛ እጁ ይቀጠቅጥ ነበር፤ በአብዛኛው ግን ከናስና ከብር። «የካልደር ወርቅ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ አይቸኩሉ።

መጀመሪያ ጌጡን ይገልብጡ። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ጀርባውንና መቆለፊያውን ይዩ። 750 ማለት 18 ካራት ነው። የፈረንሳይ ወርቅ ትንሽ የንስር ራስ ማህተም አለው። 3/20 ዓይነት ቁጥር ካዩ ከ20 ቅጂ 3ኛው ማለት ነው፤ ከሻጩ ወረቀት ጋር ያመሳክሩት።

ማህተም ስለሚጭበረበር በውሃ ይመዝኑት። የግራምን መቶኛ የሚያነብ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። ጌጡን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ይንከሩት፤ የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ። በደረቁ 31 ግራም የመዘነው ጌጥ አሁን 2 ግራም ካሳየ፣ 31 ለ2 ሲካፈል 15.5 ይሆናል፤ ጌጡ ከእኩል መጠን ውሃ 15.5 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ቢጫ 18 ካራት ወርቅ ከ15 እስከ 16 ድረስ ነው፤ ወርቅ የተቀባ ብር ከ10 ብዙም አያልፍም። ውስጡ ክፍት የሆነ ወይም ድንጋይ ያለበት ጌጥ ግን በዚህ መንገድ አይፈተንም።

ከዚያ ገጹን በጣትዎ ይዳስሱ። ጣሊያናውያኑ ወንድማማች ቀራጺዎች አርናልዶና ጂዮ ፖሞዶሮ ወርቁን ከኦክቶፐስ ጋር በሚዛመድ የባሕር እንስሳ አጥንት ውስጥ ያፈስሱ ነበር። አጥንቱ ድርብርብ ስለሆነ ወርቁ እንደ ሞገድ የተሰመረ ሆኖ ይወጣል። አርናልዶ ቫቲካን ግቢ ያለውን ትልቅ የነሐስ ሉል ከመሥራቱ ከብዙ ዓመት በፊት እጁን ያፍታታው በዚህ ነው። ሸካራነቱ ጉድለት ይመስላል፤ የቀራጺው እጅ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ወርቅ ቤት ወስደውት «ላብራልዎት?» ቢባሉ እሺ አይበሉ።